በወለል የቀናው ተማም

ተማም ኢብሮን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ ድሬዳዋ ውስጥ አልነበረም። ኳስ ተጫውቶ ግን አያውቅም፤ የሚታወቀው በወለል ነው።

አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከመጋላ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ቆዳ ነጋዴ መጋዘን የነበረ ሰፊ ቤት አለ። አብዮቱ ሲፈነዳ ተወረሰና የሕዝብ አዳራሽ ተባለ። ቆዳው በአንድ ቀን ወጣ፤ ሽታው ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጀ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ ተሻማበት። ሰኞ የሴቶች ማኅበር ይሰበሰብበታል፤ ረቡዕ የእርዳታ እህል ይራገፍበታል፤ የኪነት ቡድኑ ተራ ሲደርሰው መድረክ ይተክልበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቅርጫት ኳስ አለ።

ፈተናው ይኼ ቅርጫት ኳስ ነበር። የአዳራሹ መሬት ሲሚንቶ ስለሆነ ለጨዋታ የእንጨት ወለል ይነጠፍበታል፤ ሰማንያ አራት ሳንቃ፣ እያንዳንዱ የበር ያህል የሚሰፋ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ስብሰባ ሲኖር የሚሊሺያ ጫማና የብረት ወንበር እንዳይበላው ተነስቶ ግድግዳ ሥር ይደረደራል፤ ጨዋታ ሲኖር እንደገና ይነጠፋል። ሳንቃዎቹን የሠራው ግሪካዊ አናጢ ደግሞ እያንዳንዱን በተኛበት ቦታ ላይ እያለ ነው በመላጊያ ያስተካከለው። ስለዚህ የአንዱ ቦታ ለሌላው አይሆንም። ቦታው የተዛባ ሳንቃ አንድ ጥጉ ብድግ ይላል፤ ተጫዋች ያደናቅፋል።

ግሪካዊው አገሩ ገባ። የትኛው ሳንቃ የት እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ያኔ እንጨት ያቀብለው የነበረው ተማም ብቻ ቀረ። ሰማንያ አራቱንም በዓይን ይለያቸዋል። ስም ሁሉ አውጥቶላቸዋል፤ አንደኛዋ ሙሽሪት፣ አንደኛዋ አንካሳዋ፣ አንዱ ሐጂ። ወለል ሲነጠፍ አዳራሹ መሐል ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ ይቆምና፣ ጉንጩን በጫት ቅጠል ወጥሮ፣ ለስምንት ተሸካሚዎች ትእዛዝ ይሰጣል። «ሙሽሪትን ወዲህ! ሐጂን አዙሩት! ወሪያ ዓዋሌ፣ እሷን አይደለም አልኩህ!» ሥራው ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ተሸካሚዎቹ በሙቀቱ ይማረራሉ፤ ተማም ግን ተማሮ አያውቅም። የአዳራሹ ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ሳይቀር፣ በፊት በከዚራ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ የነበረው፣ አሁን የብዕር ክዳን እያኘከ ሰው የሚያስፈራራው፣ ወለል በሚነጠፍበት ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያናግረው።

በድሪያን ወደ አዳራሹ ያመጣት ራሱ ተማም ነው። ሚስቱ ናት፤ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። መጋላ ውስጥ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ፣ በስፌት መኪና ጆንያና ድንኳን ትሰፋለች። የተደረደሩት ሳንቃዎች ሸራ ልብስ ሲያስፈልጋቸው፣ «ከእኔ ሚስት የተሻለ ሸራ የሚሰፋ የለም» ብሎ ለጓድ ተሰማ ነገረው። እሷም መኪናዋን በጋሪ አስጭና መጣችና አዳራሹ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ሰሞን፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ገብረ መድኅን የሚባል ሰው የአዳራሹ ቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የከዚራ ተወላጅ ነው። ሶቪየት ኅብረት ስድስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ፣ ድሬዳዋ ላይ ማንም ምን እንደሚያደርግበት ያልገባውን የጠጉር ባርኔጣ ይዞ መጥቷል። በትምህርቱ ጊዜ እሑድ እሑድ አንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ቀን የተማምን አነጣጠፍ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ቆሞ አየ። ሲያበቃ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሻሂ ጋበዘና ወሬ ጀመረ።

«እዚያ ገናን በበረዶ ላይ ነው የሚጫወቱት» አለ። «ጫማቸው ሥር ቢላ የመሰለ ብረት አለው። የሚመቱት ሩር ክብ አይደለም፣ ጠፍጣፋ ጎማ ነው።»

«አቦ ተወን!» አለ ዓዋሌ። ዓዋሌ ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ጉልበተኛው፣ ከሁሉም ቀልደኛው ሶማሌ ነው። «ሰው በረዶ ላይ እንዴት ይቆማል?»

«ይቆማል። ወለሉ ሥር ከበረዶ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ የሚዞርበት ቧንቧ ተቀብሯል፤ በላዩ ውኃ ሲያፈሱበት ይረጋል። ቅዳሜ ማታ ያን ጨዋታ ያያሉ። እሑድ በዚያው ቦታ ቅርጫት ኳስ አለ፤ ሰኞ ደግሞ ዘፈን።»

«በረዶውን ያቀልጡታል ማለት ነው» አለ ተማም።

«አያቀልጡትም። በረዶው እንዳለ እዚያው ይተኛል። ዙሪያውን የከበበውን የእንጨት አጥርና መስታወት ይነቅላሉ፤ በረዶው ላይ ሙቀት የማያሳልፍ ሳንቃ ይደረድራሉ፤ በዚያ ላይ የኳሱን ወለል ያነጥፋሉ። አሥር ሺህ ሰው ይቀመጥበታል። ሲያበቃ ያንን ያነሱታል፤ በረዶው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል።»

ተሸካሚዎቹ ተያይተው ሳቁ። ገብረ መድኅን አልተቆጣም። በማግስቱ ከበረዶ ሻጭ ሁለት ትልልቅ ብሎክ አስመጣና አዳራሹ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። አንዱን ራቁቱን ተወው። ሌላውን ዙሪያውንና ላዩን በጆንያና በሰጋቱራ ሸፈነውና ሰፊ ሳንቃ ጫነበት፤ ዓዋሌን እላዩ ላይ አስቀመጠው። ዓዋሌም ቅጠሉን ይዞ ወጣ። «ዋላሂ ቂጤን እንኳን አልቀዘቀዘኝም!» እያለ ሰዉን ሲያስቅ ቆየ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ራቁቱ በረዶ ውኃ ሆኖ ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ገባ። ዓዋሌ ሲነሳና ሳንቃው ሲገለጥ ሌላኛው እንዳለ ነበር፤ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ሟሟ።

ሰዉ አጨበጨበ። በድሪያ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጥታ ነበር። አላጨበጨበችም። በረዶውን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ «ያ ሁሉ ሳንቃ ሲነሳ ሲነጠፍ፣ የትኛው የት እንደሚገባ እንዴት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

ገብረ መድኅን ዞሮ አያት። «እስከ ዛሬ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «ቁጥር ተጽፎበታል። ማንም ቢመጣ ቁጥሩን አይቶ ያስቀምጣል። በሦስት ሰዓት ይጨርሱታል።»

«የእኛዎቹ ቁጥር አያነቡም።»

«መሠረተ ትምህርት ገብተዋል እኮ።»

«ገብተው ይተኛሉ» አለች በድሪያ፤ ሁሉም ሳቁ።

ተማምም ሳቀ። ያን ቀን ምንም አልከፋውም።

ከዚያ ወዲያ በድሪያ ምሳ ላይ ትጠይቀው ጀመር። «ከሙሽሪት ቀጥሎ ማን ነው የሚገባው? ሐጂ ወዴት ነው ፊቱ?» ሚስቱ ስለ ሥራው ስትጠይቀው ይኼ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ አለው። ሩዙን ሳህኑ ላይ እየከፋፈለ ረድፍ በረድፍ ያሳያት ነበር። እሷ ታዳምጣለች፤ አንዳንዴም የሱን ቃል እንደ ቁርአን ቤት ልጅ ትደግመዋለች። ተማም በልቡ፣ «ባሏን አከበረች» አለ።

በሰኔ ጀልዴሳ የሚኖር አጎቱ ሞተና ለቀብር ሄደ። እንደ ዘመድ ወጉ አራት ቀን ተቀምጦ ቅዳሜ ከሰዓት ሲመለስ፣ ደቻቱን ሳይሻገር የኳስ ጩኸት ሰማ። ጆሮውን አላመነም። እሱ ሳይኖር ወለል ተነጥፎ አያውቅም። ምናልባት በሲሚንቶው ላይ እየተጫወቱ ይሆናል ብሎ እየተጣደፈ ገባ። ወለሉ ተነጥፏል። አንዲት ጥግ እንኳ ብድግ አላለችም።

ዓዋሌ ከሩቅ አይቶት እየሮጠ መጣ። «ወሪያ ተማም! ሚስትህ አሳረፈችህ! ሦስት ሰዓት አልሞላንም! እኔ ራሴ አነጠፍኩት፣ እኔ!»

በድሪያ ያደረገችው ይኼ ነው። ወለሉ ሰባት ረድፍ ነው፤ ለሰባቱ ረድፍ ከስፌት የተረፋት ሰባት ዓይነት ጨርቅ መረጠች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አበባ ያለበት፣ እንዲህ እንዲህ። በየሳንቃው የጎን ጠርዝ ላይ የጣት ያህል ቁራጭ ጨርቅ በትንንሽ ምስማር መታች። በጨርቁ ላይ ደግሞ በነጭ ክር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ጭረት ሰፋች። ቀይ ጨርቅ ላይ አምስት ጭረት ካለ፣ የቀዩ ረድፍ አምስተኛ ነው። ፊደል አያስፈልግም፤ ጣት ያለው ሁሉ ይቆጥራል። ተማምም አያስፈልግም።

ጓድ ተሰማ በድሪያን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀምጧታል። ገብረ መድኅን አጠገቧ ቆሞ አንድ ነገር ያስረዳታል። ተማምን ስታይ ተነስታ መጣች፤ ፊቷ ያበራል።

«አየኸው?» አለችው።

«አየሁት» አለ።

እንግዲህ ያቺ ቀን ናት ውስጡን የበላችው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሲቀየር፣ መሐል መቆሙን አልተወም፤ ግን የሚያዳምጠው የለም። «ሙሽሪትን» ሲል፣ ሙመድ የሚባለው ተሸካሚ፣ «አረንጓዴ ሦስት ናት» ይለዋል። አንድ ቀን ዓዋሌ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «አቦ ተማም፣ እዚያ ጋ ቆመህ መንገድ ዘጋኸን፣ ትንሽ ዞር በል» አለው። ዞር አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ መቀመጥ ለመደ።

በድሪያ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። በስብሰባ ላይ «ጓድ በድሪያ» ተብላ ተጠራች። ተማም ሻሂ ቤት ሲገባ፣ «የበድሪያ ባል መጣ» ይሉታል። ቤት ገብቶ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሲያየው ምግብ አይወርድለትም። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ፣ ያን ሁሉ ነገር ያስተማራት ራሱ መሆኑ ነው። «ከአፌ ነው የወሰደችው» ይላል ለብቻው፤ «ሩዝ እያጎረስኳት።»

ሰው በሚስቱ ሥራ ቀና ቢባል ማን ይሰማዋል? ያስቃል። ስለዚህ ተማም ለቅናቱ ሌላ ስም ፈለገለት፤ ስሙም ገብረ መድኅን ሆነ። «ሰውየው ስፌት መኪናው አጠገብ ሲቆም አየሁ፤ ወረቀት ሲያሳያት አየሁ፤ ስትስቅ ሰማሁ» ይል ጀመር ለራሱ። በዚህ የሚቀና ባልን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም አይስቅበትም። ተማም ግን ማታለል የሚችለው ሌላውን ነው። ገብረ መድኅን በድሪያን ትቶ ዓዋሌን ወለሉን ቢያስጠናው ኖሮ፣ ያው ሆዱ ይቃጠል እንደነበር ያውቀዋል።

በነሐሴ አንድ ጠዋት፣ ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል፣ «ለዚያ ሰውዬ ነው የምታጌጪው?» አላት።

በድሪያ ሻሿን እያሰረች ነበር። እጇ ቆመ። «ለማን?»

«ለዚያ ለባለ ባርኔጣው። አዳራሽ የምትሄጂው ለሱ ነው።»

ተማም ትቆጣለች፣ ትምላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ተማም፣ ለሱ ቢሆን ይሻልህ ነበር አይደል?» አለችው። «ያን ትችለው ነበር።»

ተማም ተነስቶ ወጣ። ያን ጊዜ የተናገረችው እውነት ስለሆነ፣ ከስድብ ሁሉ የባሰ አቃጠለው።

የመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሲደርስ፣ አዳራሹ በአንድ ቀን ሁለት ዝግጅት እንዲይዝ ታዘዘ። ጠዋት ከሐረርና ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ያሉበት ትልቅ ስብሰባ፤ ከሰዓት በኋላ በእንግዶቹ ፊት የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በፊት ቢሆን የማይታሰብ ነው። ጓድ ተሰማ ግን፣ «የእኛ አዳራሽ እንደ ሶቪየቶቹ በሦስት ሰዓት ይቀየራል» ብሎ ለበላዮቹ ጽፏል።

በዋዜማው፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተሸካሚዎቹ ወንበር ደርድረው ለምሳና ለቅጠል ወጡ። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስባትም። ተማም ወደ ኋላ ቀረ። የሸራውን ጫፍ ገልጦ ሳንቃዎቹ መሐል ገባ፤ ጉጠት ይዟል። ከስምንት ሳንቃዎች የበድሪያን ጨርቅ ነቅሎ፣ የአንዱን በሌላው ላይ መታው። ቀይ አምስት የነበረው ቢጫ ዘጠኝ ሆነ፤ ቢጫ ዘጠኝ የነበረው አረንጓዴ ሁለት። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነበር። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ሳንቃው እምቢ ይላል፤ ግራ ይጋባሉ፤ በድሪያ ጨርቋን ታገላብጣለች፤ ከዚያ አንዱ፣ «ኧረ ተማምን ጥሩ!» ይላል። እሱ ደግሞ ሻሂውን ጨርሶ፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ከዚህ ያለፈ ክፋት አልፈለገም።

በማግስቱ ስብሰባው አንድ ሰዓት አሳልፎ አለቀ። እንግዶቹ ለምሳ ሲወሰዱ ለወለሉ የቀረው ሁለት ሰዓት ነው። ተሸካሚዎቹ ወንበሩን ጠርገው አወጡና ሳንቃ ማውረድ ጀመሩ። ተማም ከበሩ ውጭ ሻሂ ይዞ ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ያለ ችግር ተኙ። ሦስተኛው ላይ ሳንቃው አልገባም።

«ቀይ አምስት ነው ይላል!» አለ ዓዋሌ። በተረከዙ ረገጠው፤ ሳንቃው ጥጉን ብድግ አድርጎ ቀረ።

«አውጡትና ቀጥሉ» አለ ገብረ መድኅን። ቀጠሉ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሁለት፣ አምስተኛው ላይ ሦስት እምቢ አሉ። በድሪያ ሮጣ መጥታ ተንበረከከች። ጨርቁን በጥፍሯ ገለጥ አደረገች። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ምስማር የመታችበት ጨርቅ አሁን ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የምስማሩም ጭንቅላት በጉጠት ተጨምድዷል። ቀና ስትል ዓይኗ በቀጥታ በሩን አየ። ተማም ሻሂ ብርጭቆውን እንደያዘ ነበር። ዓይናቸው ገጠመ። ጨርቁን መልሳ በእጇ ሸፈነችው።

ተማም ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። የተጠራው ግን ሌላ ነው።

«አሻጥር!» ብሎ ጮኸ ጓድ ተሰማ። የብዕሩ ክዳን ከአፉ ወደቀ። «አሻጥር ነው! በሩን ዝጉ!»

ከእንግዶቹ ጋር ከመጡት የደህንነት ሰዎች አንዱ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው፣ ከጥግ ተነስቶ መጣ። «ይኼን ጨርቅ የመታው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች በድሪያ።

«ያሠራትስ ማነው?»

«እኔ» አለ ገብረ መድኅን።

ሁለቱንም አዳራሹ ጎን ወዳለው ቢሮ ወሰዷቸው። ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ በሩ ላይ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ በዚያን ዘመን ያ ቃል ከተጠራ፣ ቢሮ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም።

ተማም ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ገባ። አዳራሹ መሐል ቆመ። ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ፣ የሚያውቀው ወለል ማስነጠፍ ብቻ ስለሆነ፣ መጮኽ ጀመረ። «እሷን ተዋት ዓዋሌ፣ አንካሳዋን አምጣ! ሐጂን ወደዚያ! ሙመድ፣ አዙረው፣ አዙረው!» ጨርቅ ያየ የለም። እንግዶቹ ሊገቡ ሩብ ሰዓት ሲቀር የመጨረሻው ሳንቃ ተኛ። ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡለት። ጓድ ተሰማ ትከሻውን አቅፎ፣ «ይኼ ነው ወዛደር ማለት!» አለ። «ሳይማር አዳነን። አሻጥረኞቹ ደግሞ ተይዘዋል።»

ያ ሲመኘው የኖረው ጭብጨባ ጆሮው ላይ እንደ ጥፊ አረፈ። ቢሮውን አየ፤ በሩ ዝግ ነው።

«ጓድ ተሰማ፣» አለ፣ «እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

«ምኑን?»

«ጨርቁን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

ጓድ ተሰማ ፊቱ ተለወጠ። ክንዱን ከትከሻው ላይ አንስቶ ወደ ቢሮው ገፋው። በድሪያንና ገብረ መድኅንን ወደ ኋላ ክፍል አስገቧቸውና ድምፀ ለስላሳው ሰውዬ ለተማም ወንበር ሰጠው። ውጭ ግጥሚያው ተጀምሯል፤ ኳሱ ወለሉን ሲመታ ይሰማል።

«ማን አዘዘህ?» አለ ሰውየው።

«ማንም። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በሚስቴ።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተደገፈ፤ ፈገግ አለ። «አሃ። እንዲህ በለኝ። በዚህ በምሁሩ ነዋ።» ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ስማኝ ወንድሜ። ሚስቱን ሰው የቀማው ባል ያብዳል፤ እኔም ባለትዳር ነኝ። የቤት ጠብ ከሆነ አሻጥር አይባልም። ሁለት ሳምንት ቀበሌ ታስረህ ትወጣለህ። ሚስትህ ከዚህ ሰው ጋር ነበረች ብለህ ፈርም፤ በቃ።»

ተማም ብዕሩን አየው። ሁለት ሳምንት። ይኼንኑ ስም እኮ ራሱ ለቅናቱ ሲያወጣለት ከርሟል። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ነገ ግን መጋላ ሁሉ ያቺን ቃል ይዛ በድሪያን ታያለች፤ እናቷም፣ ልጆቿም ይሰሟታል።

«አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ከማንም ጋር አልነበረችም። የቀናሁት በወለሉ ነው።»

«በምን?»

«በወለሉ። የኔ ሥራ ነበር። ከኔ አሳምራ ሠራችው። ሰው ሁሉ እሷን አየ፤ እኔን ረሳኝ። በዚህ ነው የቀናሁት። እንዲጠሩኝ ብዬ ነው ያደረግኩት።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ጓድ ተሰማም አብሮ ሳቀ። ተማም እንደፈራው ሳቁበት። «በወለል የቀና ሰው ዛሬ አየሁ» አለ ሰውየው እንባውን እየጠረገ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ብዕሩን አንስቶ፣ ለመንግሥት ሥራ እንቅፋት መሆን ብሎ ጻፈና አስፈረመው።

በድሪያና ገብረ መድኅን የዚያኑ ዕለት ተለቀቁ። ተማም ሰባት ወር ታሰረ።

በድሪያ በየሳምንቱ ምግብ ትልክለት ነበር፤ በእህቷ በሸፊቃ እጅ። ራሷ አንድም ቀን አልመጣችም። ሸፊቃ ሳህኑን ስታቀብለው፣ «ምን አለች?» ይላታል። «ምንም» ትለዋለች። እስር ቤት ውስጥም ስሙ ደርሶ ኖሮ፣ እስረኞቹ «ወለሉ» እያሉ ይጠሩት ነበር። መጀመሪያ ከሁለት ሰው ጋር ተደባደበበት፤ በኋላ ተወው።

በሚያዝያ ተፈታ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ በድሪያ ስፌት ላይ ናት። መኪናውን አቆመች፤ አልተነሳችም።

«ግባ» አለችው።

«ልግባ?»

«የስምንቱን ሳንቃ ይቅር አላልኩህም» አለች። «ያን ቀን ልጆቼን ዳግመኛ የማላይ መስሎኝ ነበር። መቼ ይቅር እንደምልህም አላውቅም። ግን የቢሮው ግድግዳ ስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት ነው፤ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያቺን ቃል ብትል ኖሮ፣ ዛሬ ይኼ በር አይከፈትልህም ነበር።»

ተማም ደጃፉ ላይ እንደቆመ አቀረቀረ። «አሁንም እኮ እቀናለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። እስር ቤት ሆኜ፣ ቅዳሜ ሲደርስ፣ ዛሬ እያነጠፈችው ነው እያልኩ ሆዴ ይነድ ነበር።»

«ቅና» አለች በድሪያ። «እጅህን ግን ሰብስብ።»

አዳራሹ መልሶ አልቀጠረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ሄዶ የጭነት መኪና ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መጫን ጀመረ፤ ጆንያ ሲደረድር ከማንም ይበልጥ ስለሚያሳምር፣ ሹፌሮቹ እሱ የጫነው መንገድ ላይ አይናድም ይሉ ነበር። ገብረ መድኅን በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በድሪያ የአዳራሹ የወለል ኃላፊ ሆነች።

አንድ ቅዳሜ፣ ከመልካ ጀብዱ ሲመለስ፣ አዳራሹ በር ላይ ዓዋሌ አገኘውና እጁን ይዞ ጎተተው። «አቦ ና ግባ፣ ግጥሚያ አለ!» ተማም እምቢ አላለም፤ ከኋላ፣ ከሰዉ ጋር ተጋፍቶ ቆመ። ወለሉን ላለማየት ዓይኑን ወደ ቅርጫቱ አደረገ። በድሪያ ከማዶ፣ ከተጫዋቾቹ ወንበር ጀርባ ቆማለች፤ አላየችውም። እሱ አያት። ያው የሚያውቀው ቅናት ተነሳበት። አጠገቡ ያለ የማያውቀው ሰው፣ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብሎ ጠየቀው።

ተማም ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ወለሉን አየ።

«ሚስቴ ናት» አለ፤ «የወለሉ ኃላፊ።»